ሞቶ የወፈረው ጥድ

ድሬ ዳዋ ውስጥ የቆመ ዛፍ አይቶ ክብደቱን የሚናገር ሰው ቢፈለግ ከእኔ ሌላ አይገኝም። ቀፊራ ገበያ ላይ አንዴ በእጃቸው አንስተው ብቻ የፍየሉን ኪሎ የሚያውቁ ነጋዴዎች ሞልተዋል። እሱ ቀላል ነው፤ ፍየል ይነሳል። ዛፍ አይነሳም። እኔ ግንዱን አንዴ ዞሬ፣ ጫፉን አንጋጥጬ አይቼ፣ ደርቆ ቢመዘን ይህን ያህል ይሆናል፣ ከዚያም ግማሽ ገደማው ካርቦን ነው እላለሁ። ቢቃጠል ያ ሁሉ ወደ አየር የሚወጣ ነው። ይህን የምናገረው እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከእኔ ጋር የሠሩ ዶክተሮች ይመስክሩ፤ ስም ጠፍቷቸው መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ እኔ የዛፉን ስም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በላቲን ነግሬያቸው ወደ ቀጣዩ ዛፍ አልፌ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳቢያን ሰፈር ቤቴ በራፍ ላይ እውላለሁ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ እጄ ሳላስበው ወደ ሸሚዜ ኪስ ይሄዳል፤ እርሳስ ይፈልጋል። በደቡብ በኩል ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ የሚጠማዘዝበት ተራራ ይታየኛል። እዚያ ላይ ያሉትን ዛፎች እንደ ጎረቤት ልጆች በቁጥር አውቃቸዋለሁ። ዛሬ የሚለካቸው ሰው አይደለም፤ ሳተላይት ነው። ከላይ ሆኖ ሁሉን በአንድ ጊዜ ያያል አሉ። ይይ። እኔ ግን ስለ ተራራው ሳስብ ቁጥሩ አይደለም የሚናፍቀኝ። ጠዋት ጤዛ የነካው የጥድ ልጥ መዳፌ ላይ ሲሻክረኝ፣ ያ ነው።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ትከሻዬ ነው። በወጣትነቴ ቀፊራ ላይ ጋሪ እጭን ነበር። አንድ ቀን ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የቆለፉ፣ ቀጭን፣ አጠር ያሉ ሰው መጥተው ተራራ ላይ ሚዛን ተሸክሞ የሚወጣ ሰው እፈልጋለሁ አሉ።

«ምን ሊመዘን ነው?» አልኳቸው።

«ዛፍ።»

«አቦ! ማን ሊገዛው?»

«የሚገዛው የለም። ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው።»

ወላሂ አብደዋል ብዬ ነው የሄድኩት። ጋሽ ወርቅነህ ይባላሉ፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የደን ተመራማሪ። ያበዱ አልነበሩም። ዛፍ ሳይቆረጥ ክብደቱን ለማወቅ መጀመሪያ ጥቂት ዛፎች መቆረጥ አለባቸው። ከየዓይነቱ እየመረጥን ቆረጥን፤ ግንዱን ለብቻ፣ ቅርንጫፉን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ መዘንን። ከዚያ ከግንዱ እንደ ዳቦ ቁራሽ የተቆረጠ ክብ እያነሳን ወደ ከተማ ይዘን ወረድን። እንጨት ውስጥ ውሃ አለ፤ ውሃው ካልወጣ ክብደቱ ውሸት ነው። በዚያን ጊዜ የማድረቂያ ምድጃ ስላልነበረን ጋሽ ወርቅነህ ከአንድ ዳቦ ቤት ጋር ተስማሙ። ዳቦው ከወጣ በኋላ በተረፈው ሙቀት እንጨታችንን እናስገባለን፤ በማግስቱ አውጥተን እንመዝናለን፤ መልሰን እናስገባለን። በሁለት ተከታታይ ቀን አንድ ዓይነት ክብደት እስኪሰጥ ድረስ ይህ አይቆምም። ዳቦ ጋጋሪው ሲያየን «እህ፣ ዛሬስ ሰሊጥ ይነስነስበት?» ይለን ነበር።

ከዚያ በኋላ መቁረጥ ቀረ። ውፍረቱንና ቁመቱን ለክተህ ከቆረጥናቸው ጋር ታስተያያለህ፤ ክብደቱ ይወጣል። ተራራው ላይ የመንደሩ ሰው ከሰል ማክሰል ትቶ በጥበቃ የያዘው ጫካ ነበር፤ እዚያ ውስጥ በገመድ የከለልናቸው አምስት ቁራሽ መሬቶች ነበሩን። እያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ተመቶበታል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እየወጣን ያንኑ ዛፍ እንለካለን። ጫካው እያደገ፣ ካርቦን እያጠራቀመ ነው ወይስ እየሞተ? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነበር። በእኛ ደረቅ አገር ጥድ በዓመት የሚወፍረው የስንዴ ፍሬ ውፍረት አይሞላም። ስለዚህ አለካክ ላይ ቀልድ የለም።

ጋሽ ወርቅነህ ሜትር ከማውጣታቸው በፊት መዳፋቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፋሉ። ሰላምታ የሚሰጡ ይመስለኝ ነበር። ለካ የላላ ልጥ፣ የተጠመጠመ ሐረግ፣ የጉንዳን አፈር እየፈለጉ ነው፤ ሜትሩ ከዚያ በላይ ካረፈ ዛፉ ያለ ሥራው ይወፍራል። ቁጥሩን ጮክ ብለው ይጠራሉ፤ እኔ መልሼ እጠራዋለሁ፤ ከዚያ ብቻ ይጻፋል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ላብ ቀለምን ይበላል። ላጲስ ግን ክልክል ነበር። ከተሳሳትን በአንድ ቀጭን መስመር እንሰርዘዋለን፤ የድሮው ከሥሩ መነበብ አለበት። «የተሳሳተውም ቁጥር የእኛው ነው» ይሉ ነበር።

ከእጃቸው የማይለይ የወይራ ዱላ ነበራቸው። ርዝመቱ ልክ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲሜትር ነው። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት በዚያ ከፍታ ላይ ነው፤ የደረት ቁመት ይባላል። ዱላውን ግንዱ ሥር ያቆማሉ፣ በጫፉ ልክ ሜትሩን ያዞራሉ። በዚያው ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ቀለበት ይቀቡ ነበር፤ በዓመቱ መጥተን እዚያው እንድንለካ።

ሥራ ሊጀመር ሲል መጋዘኑ በር ላይ መሣሪያ ይፈተሻል። ሚዛኑ በታወቀ ክብደት፣ ሜትሩ በብረት ማስመሪያ። መጨረሻ ላይ እኛን በተራ በመቃኑ ላይ ያቆሙንና በአናታችን ልክ በእርሳስ ያሰምራሉ፤ የስማችንን የመጀመሪያ ፊደልና ዓመቱን ከጎኑ ይጽፋሉ። እርሳቸውም ይቆማሉ። የሚያሰምርላቸው አደም ነው፣ የመጋዘኑ ዘበኛ።

«እኛ ደግሞ ምን አደረግን?» አላቸው አንድ ቀን አደም።

«መሣሪያ ሁሉ በዓመት አንዴ ይፈተሻል። እናንተስ መሣሪያ አይደላችሁም?»

ከሁሉም ረጅሙ እኔ ነበርኩ። የእኔ መስመር ከጋሽ ወርቅነህ ሦስት ጣት ይበልጥ ነበር፤ ይህን ሳልጠቅስ ያለፍኩበት ዓመት ያለ አይመስለኝም።

እኔም ተሸካሚ ሆኜ አልቀረሁም። ማንም ሳያስተምረኝ ስሌቱን ከደብተራቸው እየገለበጥኩ ተማርኩ። ሁለት ዓመት ቆላ ተልኬ መሬትና ቅጠል የሚተነፍሱትን ለካሁ፤ ባልዲ የመሰለ ክዳን አፈሩ ላይ እየደፋን፣ በውስጡ የተጠራቀመውን አየር በመርፌ እየሳብን በትናንሽ ጠርሙስ እናሽግ ነበር። ያሸግኩት ጠርሙስ አንድም ተንፍሶ አያውቅም። ከመኪና የማይወርድ ኃላፊም አይቻለሁ፣ አበል የሚያዘገይም አይቻለሁ፤ እነሱን ልተዋቸው። ከቆላ ስመለስ ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ሊወጡ ነበር። ዱላውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ከማል፣ ዓይንህ ጥሩ ነው። ከዓይንህ ይልቅ ግን ይህን እመን።»

ከሦስት ዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከፊት ቆሜ ነበር። በዚያን ጊዜ ዱላው መጋዘን ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ከርሟል።

እንዴት እንደተሰቀለ እናገራለሁ። ያን ጊዜ በራሴ በጣም ነበር የምመካው፤ አሁንም አልተውኩም። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር አስተዋልኩ። የዱላው ጫፍ ከሸሚዜ ኪስ የላይኛው ጠርዝ ጋር ልክ ነው። አሥር ዛፍ ላይ ሞከርኩት፤ አንድም አልሳተም። ሸሚዞቼን ሁሉ የሚሰፋው አንድ ሰው ነው፤ ኪሱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያደርገዋል። እንግዲህ ሜትር፣ ደብተርና ውሃ ይዞ እሾህ ውስጥ ለሚገባ ሰው ያ ዱላ መከራ ነው፤ በየቁጥቋጦው ይያዛል። ግንዱ ላይ ደረቴን ጠጋ አድርጌ በኪሴ ልክ ሜትሩን ማዞር ጀመርኩ። ሠራተኞቹ ተደነቁ። «ጋሽ ከማል ራሱ ዱላ ነው» አሉ። ደስ አለኝ። ቀዩ ቀለበት ከልጡ ጋር እየተላጠ ሲጠፋም ቀለም ላኩልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ኪሴ አለልኝ።

የመጋዘኑን ፍተሻ ግን አልተውኩም። ለጋሽ ወርቅነህ ስል። በየዓመቱ መቃኑ ላይ እቆማለሁ፣ አደም ያሰምራል፣ ዞር ብዬ ሳላይ ወደ መኪናው እሄዳለሁ። አደም አንዳንዴ «ወሪያ ከማል፣ ምድር እየጠራችህ ነው» ይለኛል። የአደም ቀልድ ነው ብዬ እስቃለሁ።

ይህ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ጫካው ግሩም ሆኖ አደገ። የእኔን ቁጥር የሚያዩ ሁሉ ይደሰታሉ። ከዚያ መዝገቡን የምትይዝ አዲስ ተመራማሪ፣ ዶክተር ሐያት መጣች።

እዚሁ የተወለደች፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። ኮምፒውተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣

«ጋሽ ከማል፣ የእርስዎ ዛፎች በጣም ጎበዞች ናቸው» አለችኝ።

«የሚለካቸው ጎበዝ ነዋ!»

«ሌላ ቦታ ያሉ ጥዶች በዚህ ዝናብ ይህን ያህል አልወፈሩም።»

«ሌላ ቦታ ከማል የለም።»

ሳቀች፤ ግን ኮምፒውተሩን አልዘጋችም። «እሺ፣ አርባ አንድ ቁጥርን ያስታውሱታል?»

«እንዴት እረሳዋለሁ! ጥድ ነው፤ ከገደሉ አፍ፣ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ። ሞቷል። ቆሞ የደረቀ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ‹ሞተ› ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።»

«አዎ፣ ጽፈዋል። ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ ወፍሯል።»

አፌ ቀደመኝ፤ «ሬሳም እኮ ያብጣል» አልኳት።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

በማግስቱ ጠዋት ተራራው ላይ ነበርን። ዱላውን ከሚስማሩ ያወረደችው እርሷ ናት። አርባ አንድ ቁጥር ሥር አቆመችውና «ይጠጉልኝ» አለች። እንደ ልማዴ ደረቴን አስጠጋሁ። የዱላው ጫፍ ከኪሴ ጠርዝ በላይ፣ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ግንዱ ላይ ቆሟል።

«ዱላው ረዝሟል» አልኩ።

አትስቁ። የምሬን ነው ያልኩት። እርሷም አልሳቀችም። የብረት ሜትሯን አውጥታ ዱላውን ለካችው፤ አንድ ሜትር ከሠላሳ።  የጥድ ግንድ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይወፍራል፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። እኔ በየዓመቱ ጥቂት ስጎብጥና ሳጥር ኪሴ አብሮኝ ወረደ፤ ሜትሩም ወፍራሙን ቦታ ያዘ። ጫካው አደገ ካልኩት ውስጥ ምን ያህሉ የጫካው እድገት፣ ምን ያህሉ የእኔ እርጅና እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ስንወርድ መኪናው ውስጥ ሐያት መንገዱን እያየች «ጋሽ ከማል፣ እነዚህን አሥራ አንድ ዓመታት ከመዝገቡ ማውጣት ሊኖርብኝ ነው» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካላወጣኋቸው ‹ጫካችሁ ይህን ያህል አድጓል› ብሎ የመንደሩን ሰው መዋሸት ይሆናል።»

ልክ ናት።  አሥራ አንድ ዓመት፣ አምስት ቁራሽ መሬት፣ በየዓመቱ ከአርባ ቀን በላይ እሾህ ውስጥ፤ ጉልበቴን የሰጠሁበት ሁሉ ሊጣል ነው። ልጄ ሲዳር እንኳ በማግስቱ ተራራ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት የነበሩት ቁጥሮች የጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ ይቆያሉ። የእኔ የምላቸው እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ ከወጡ እኔ እዚያ ጫካ ውስጥ አልነበርኩም ማለት ነው።

ዱላውን ልመልስ መጋዘኑ ገባሁ። አደም በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

«አጥሬያለሁ፣ አደም።»

«አሁን ነው ያወቅከው?»

«አንተ ታውቅ ነበር?!»

«አቦ፣ በየዓመቱ ነግሬህ የለ! ትስቃለህ።» ተነሳና መቃኑን በጣቱ ጠቆመ። «ያውልህ። ተመልከተው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። በሌላው ቤት መቃን ላይ ልጆች ወደ ላይ ያድጋሉ። በእኛ መቃን ላይ እኔ ወደ ታች እወርዳለሁ። መስመር ከመስመር በታች፣ እያንዳንዱ ከጎኑ «ከ» የሚል ፊደልና ዓመቱ ተጽፎበት፣ ከአሥራ አንዱ አንድም ዓመት ሳይጎድል። ከእነርሱ ዝቅ ብሎ «ወ» የሚሉት ነበሩ። እነሱም ይወርዱ ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ማጠራቸውን በየዓመቱ ዞር ብለው አይተው፣ ዱላቸውን ይዘው ተራራ ወጥተዋል። እኔ ዞር ብዬ አላየሁም። ልዩነታችን ይህ ነበር፤ ቁመት አልነበረም።

ሐያትን ሮጬ ጠራኋት። ሮጬ ስል በእኔ ዕድሜ የሚሮጠውን ያህል ነው።

«ልጄ፣ አታውጫቸው! የተሳሳተውም ቁጥር የእኛው ነው። በአንድ መስመር ይሰረዝና ከላዩ እርማቱ ይጻፍ። ስህተቴ በየዓመቱ ስንት እንደነበር ይኸው ተጽፏል።»

መቃኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ተንበርክካ ከመሬት እስከ እያንዳንዱ መስመር ለካች። ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራች፤ እኔ መልሼ ጠራሁ፤ ጻፈች። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

«ይህ ብቻ አይበቃም» አለችኝ በመጨረሻ። «እያንዳንዱ ግንድ ወደ ታች ሲሄድ ምን ያህል እንደሚወፍር ማወቅ አለብኝ። ሁሉም ዛፍ ሁለት ቦታ መለካት አለበት፤ በዱላውና በኪስዎ ልክ። ጉልበትዎ ይችላል?»

«ከአንቺ የተሻለ!» አልኳት።

አልቻለም፤ ግን ወጣሁ። ያ የመጨረሻው ወቅቴ ነበር። ዛሬ በራፌ ላይ ተቀምጬ የምናፍቀው ሠላሳውን ዓመት ሁሉ ሳይሆን ያን አንዱን ነው። ገደሉ ጋ ስንደርስ ሐያት ክንዴን ትይዛለች፤ «ልጄ፣ እኔ ነኝ አንቺን የያዝኩሽ» እላታለሁ። በየግንዱ ሥር ዱላውን አቆማለሁ። መዳፌን ልጡ ላይ አሳርፋለሁ። ቁጥር እጠራለሁ፤ ትመልሳለች። ጉም ከታች ከድሬ በኩል አይመጣም፤ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ሲወርድ ጥዱ ይሸታል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ባለፍኩ ቁጥር አንዱ «ዘንድሮስ ዛፉ ነው የሚያድገው ወይስ አንተ ነህ የምታጥረው?» ይለኛል። «ሁለታችንም» እለዋለሁ።

ስሌቱ ሲያልቅ ሐያት ራሷ መንደሩ ድረስ ሄዳ ተናገረች። ጫካው አድጓል። እኔ ካልኩት ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ግን አድጓል። አሥራ አንዱም ዓመት መዝገቡ ውስጥ አሉ፤ በቀጭን መስመር ተሰርዘው፣ ከላያቸው የታረመው ተጽፎ፣ ከጎናቸው ሊሳሳቱ የሚችሉበት ልክ ከሌሎቹ ሰፋ ተደርጎ። የለካው፦ ከማል ይላል። አንብቤዋለሁ፤ ደጋግሜ።

ከዚያ ሥራው ወደ ሳተላይት ዞረ፣ እኔም ወጣሁ። የምስጋና ወረቀት ሰጡኝ። መጋዘኑ ሊፈርስ ስለነበር ሌላ ምን ትፈልጋለህ ሲሉኝ መቃኑን አልኩ። ባጃጅ ላይ ጫንነው፤ በሁለት ወገን ወጥቶ ሳቢያን እስክንደርስ መንገደኛው ሁሉ እየሸሸልን ሄድን። ሾፌሩ «አባባ፣ በሩን ትተው መቃኑን ብቻ?» አለኝ። በሩን ማን ይፈልገዋል!

ቤቴ ግድግዳ ላይ፣ እግሩ ልክ ወለሉን እንዲነካ አድርጌ አቆምኩት። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አደም በሚኒባስ ይመጣና ያሰምርልኛል። አሁን ዞር ብዬ አያለሁ። ዘንድሮም መጣ። ጀርባዬን ሰጥቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ አደም እርሳሱን አናቴ ላይ አስጠጋና ሳያሰምር ቀረ።

«ምነው? አስምር እንጂ።»

«የሚሰመር የለም» አለ። «መስመር አለበት።»

ዞር አልኩ። የጋሽ ወርቅነህ የመጨረሻው መስመር ነው፤ ጡረታ በወጡበት ዓመት የተሰመረው። እርሳሱ ደብዝዟል፤ «ወ» የምትለው ግን ትነበባለች። መዳፌን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ልጥ የለውም፣ ከተላገ ብዙ ዘመኑ ነው።

«ሌላ መስመር አታድርግ» አልኩት አደምን። «ከጎኗ ‹ከ› ብለህ ጻፍ።»